ማዞር ያመመውን ሰው አስተኝታችሁ መርምሩት፦ ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር

ጉዳዩ፦ የማዞርና የውስጠኛ ጆሮ ሕመም ምርመራና ሕክምና በመጀመሪያ ደረጃ ጤና ተቋማት እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በማዞር ሕመም 14 ወር ሙሉ ስንገላታ ከቆየሁ በኋላ፣ ያለ መድኃኒትና ያለ መሣሪያ፣ አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የዳንኩ መምህርት ነኝ። መዳኔ አስደስቶኛል። ያዳነኝ ነገር ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ግን ያለፉትን ወራት ይበልጥ ያስቆጨኛል፤ ያን ሁሉ ጊዜ የወሰደብኝ የሕክምናው ብርቅነት ሳይሆን፣ ያዩኝ ባለሙያዎች ይህን ምርመራ ሳይማሩት መቅረታቸው ነውና። ጥያቄዬም ይኸው አንድ ነገር ነው፦ በመጀመሪያ ደረጃ ጤና ተቋማት ሕሙማንን የሚያይ ማንኛውም ባለሙያ፣ ማዞር ያመመውን ሰው አልጋ ላይ አስተኝቶ መመርመርና በዚያው አልጋ ላይ ማከም እንዲችል ሥልጠና ይሰጠው።

ሕመሙ የጀመረኝ አንድ ቀን ንጋት ላይ ነው። በተኛሁበት ወደ ቀኝ ስገላበጥ ጣሪያውና ግድግዳው ባንድ ጊዜ ዞረው በላዬ ላይ የሚወድቁ መሰለኝ፤ የአልጋውን ጠርዝ በሁለት እጄ ጨብጬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሽክርክሪቱ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ አለፈ፤ ማቅለሽለሹ ግን እስከ ቀትር አልለቀቀኝም። ከዚያ ዕለት ወዲህ ቀና ብዬ ከመደርደሪያ ዕቃ ማውረድ፣ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር፣ ጋደም ማለትና ከተጋደምኩበት መነሣት የሚያስፈሩኝ ነገሮች ሆኑ። አንድ ጊዜ በሰሌዳው የላይኛው ክፍል ላይ ስጽፍ ዞሮብኝ ሰሌዳውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ የተማሪዎቼ ጸጥታ ዛሬም ከጆሮዬ አልጠፋም። ከዚያ በኋላ የምጽፈው በደረቴ ትክክል ብቻ ሆነ፤ የምተኛውም በሁለት ትራስ ተደግፌ፣ በግራ ጎኔ ብቻ ነበር።

በእነዚያ ወራት የተመላለስኩባቸውን ተቋማት በስም አላነሣም፤ ለመክሰስ አልተነሣሁም፤ ያዩኝም ባለሙያዎች አብዛኞቹ የቻሉትን ያህል የደከሙልኝ ሰዎች ናቸው። የደም ግፊቴ ተለካ፤ ደሜ ተመረመረ፤ የአንገት ራጅ ተነሣሁ። አንዱ ደም ማነስ ነው አለኝ፤ ሌላው የአንገት አጥንት ነው አለ፤ ሦስተኛው የነርቭ ነው፣ ጭንቀት ይቀንሱ ብሎ መከረኝ። ሁሉም የተስማሙበት ነገር ቢኖር የማዞር ማስታገሻው ክኒን ነው። «ማዞሩ የሚመጣብዎ ምን ሲያደርጉ ነው? ሲመጣስ ምን ያህል ይቆያል?» ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች የጠየቀችኝ ለጉልበቴ ሕመም የሄድኩባት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። አልጋው ላይ ለመጋደም ስፈራ አይታ ምክንያቱን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እግሬን ዘርግቼ እንድቀመጥ ካደረገች በኋላ ራሴን 45 ዲግሪ ያህል ወደ ቀኝ አዞረችው፤ ደግፋም ራሴ ከአልጋው ጠርዝ አልፎ በጥቂቱ ወደ ታች እስኪያዘነብል ድረስ በፍጥነት በጀርባዬ አስተኛችኝ። ጥቂት ሴኮንዶች ምንም አልነበረም፤ ከዚያ ክፍሉ ዞረ። እሷ የምትመለከተው ዓይኔን ነበር፤ የዓይኔ ኳስ ከፈቃዴ ውጭ እየተጠማዘዘ በፍጥነት ሲመላለስ አየች። «ሕመሙ ከጆሮዎ ነው፤ ጆሮውም የቀኙ ነው» አለችኝ። ሽክርክሪቱ ሲቆም ራሴን 90 ዲግሪ ወደ ግራ አዞረችው፤ ቀጥላ አፍንጫዬ ወደ ወለሉ እስኪያይ ድረስ በግራ ጎኔ አገላበጠችኝ፤ በየደረጃው ግማሽ ደቂቃ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ አቆይታ ቀስ ብላ አስቀመጠችኝ። ሁሉንም አንድ ጊዜ ደገመችው። ለሁለተኛ ጊዜ በቀኝ በኩል ስታስተኛኝ ክፍሉ አልዞረም። እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

ያደረገችልኝን ነገር ምንነት ከዚያ በኋላ ነው ያወቅሁት። በውስጠኛ ጆሮ ውስጥ የራስን መዞር የሚለዩ፣ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ፤ በአጠገባቸው ደግሞ ደቃቃ የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶችን የያዘ ከረጢት ይገኛል። በዕድሜ መግፋት፣ በራስ ላይ በደረሰ ጉዳት፣ ብዙ ጊዜም በማይታወቅ ምክንያት ቅንጣቶቹ ተላቅቀው ወደ አንዱ ቱቦ፣ በአብዛኛው ወደ ኋለኛው ይገባሉ። ሰውየው ራሱን ባዘነበለ ቁጥር ቅንጣቶቹ ስለሚንሸራተቱ ፈሳሹ ይንቀሳቀሳል፤ አንጎልም አካሉ እየዞረ እንደሆነ ይነገረዋል። ሽክርክሪቱ ከአንድ ደቂቃ በታች የሚቆየው ቅንጣቶቹ ተንሸራትተው ሲያርፉ ፈሳሹም ስለሚረጋ ነው። ሕክምናውም ራስን በተወሰነ ቅደም ተከተል በማዞር ቅንጣቶቹን ከቱቦው አውጥቶ ወደ ከረጢቱ መመለስ ነው። ሕመሙ ከጊዜ በኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ሲመለስም በዚያው መንገድ ይታከማል።

ይህ ዕውቀት አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ሐኪም ፕሮስፐር ሜኒዬር ብርቱ ማዞር ከአንጎል ሳይሆን ከውስጠኛው ጆሮም ሊመነጭ እንደሚችል ያስረዳው በ1861 ነው። ሮበርት ባራኒ በውስጠኛ ጆሮ የሚዛን ክፍል ላይ ባደረገው ምርምር የ1914ን የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ማርጋሬት ዲክስና ቻርልስ ሆልፓይክ እኔ የተመረመርኩበትን የማስተኛት ምርመራ በ1952 አሳትመውታል። ጆን ኤፕሊም እኔን የፈወሰኝን ራስን የማዞር ቅደም ተከተል በሕክምና መጽሔት ያወጣው በ1992 ነው፤ ከዚያ በፊት የሙያ ባልደረቦቹ ለዓመታት አላመኑትም ነበር። በእነዚህ ሰዎች ሥራ ላይ የቀረ ነገር ካለ፣ እኔ እንደማምነው፣ የቀረው ወደ መጀመሪያ ደረጃ ጤና ተቋማት ማድረሱ ነው። (በዚህ ደብዳቤ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለ፤ ሥልጠናው ያለዚህ ጥንቃቄ እንዲሰጥ አልፈልግም። ማዞር ሁሉ ከጆሮ አይመጣም። ለሰዓታትና ለቀናት ሳያቋርጥ የሚያዞረው፣ ቆሞ መሄድ የተሳነው፣ ነገሮች ሁለት ሆነው የሚታዩት፣ ንግግሩ የተሳሰረ ወይም ፊቱ የጠመመ ሰው በትንሹ አንጎል ወይም በአንጎል ግንድ ላይ ስትሮክ ደርሶበት ሊሆን ይችላልና ለእርሱ እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው። ሲቲ ስካን በዚህ የአንጎል ክፍል የሚደርሰውን ስትሮክ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብዙ ጊዜ አያሳይም። በ2009 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ማዞሩ ሳያቋርጥ በቀጠለበት ሕመምተኛ ላይ በሠለጠነ ባለሙያ የሚደረግ የሦስት ደረጃ የዓይን ምርመራ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሚነሣው ኤም.አር.አይ በተሻለ ሁኔታ ስትሮክን መለየት ይችላል። ስለዚህ የምጠይቀው ሥልጠና እንደ እኔ ያለውን ታካሚ በአሥር ደቂቃ አሽሎ ወደ ቤቱ ከመስደዱ ሌላ፣ በክኒን ተሸኝቶ መሄድ የማይገባውንም ሰው በጊዜ ለይቶ የሚያስቀር ነው።

ስለ ክኒኑም ዝም ማለት አልችልም። ዳይመንሃይድሪኔትን፣ ሜክሊዚንንና ሲናሪዚንን የመሳሰሉት ማስታገሻዎች ብርቱ ሕመም በተነሣበት በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ይጠቅማሉ። ከዚያ አልፎ ለሳምንታትና ለወራት ሲወሰዱ ግን አንጎል ጉድለቱን ለማካካስ የሚያደርገውን ጥረት ያዘገያሉ፤ አረጋውያንን ያደነዝዛሉ፤ ለመውደቅም ያጋልጣሉ። ሲናሪዚን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ እንደ ፓርኪንሰን ያለ የመንቀጥቀጥና የመገተር ሕመም ሊያስከትል ይችላል። እኔ ይህን ዓይነት ክኒን ስወስድ የቆየሁት ሰባት ወር ነው፤ በየወሩም ማዘዣው ያለ ጥያቄ ይታደስልኝ ነበር። በቱቦ ውስጥ የገባን ቅንጣት ክኒን ወደ ቦታው አይመልሰውም።

ከዳንኩ በኋላ ያቺን ባለሙያ ለማመስገን ስሄድ፣ በዚያው ክፍል ውስጥ የሚዛን ልምምድ የሚሠራ አንድ ጎልማሳ አገኘሁ፤ ስለ ሕመሙ የነገረኝ ነገር ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ካነሣሡኝ ምክንያቶች ዋናው ነው። ለብርቱ ኢንፌክሽን በጄንታማይሲን መርፌ ታክሞ ሕይወቱ ተርፏል፤ ከአልጋ በተነሣ ዕለት ግን ወለሉ ከእግሩ ሥር የራቀ መሰለው። እሱን የሚያዞረው ነገር የለም። ሲራመድ የሰው ፊትና የመንገድ ምልክት በዓይኑ ፊት ይዘልሉበታል፤ ሲጨልም ወይም ዓይኑን ሲጨፍን ይወድቃል። ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን በውስጠኛ ጆሮ ያሉትን ለሚዛን የሚያገለግሉ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ሊገድሉ ይችላሉ፤ የሞቱትም መልሰው አይተኩም። ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን ጆሮዎች ስለሚነካ ሽክርክሪት አያስነሣም፤ በዚህም ምክንያት ታካሚው ቆሞ ለመሄድ እስኪሞክር ድረስ ማንም ሳያውቀው ይቀራል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደግሞ መድኃኒቱ በሰውነቱ ውስጥ ስለሚቆይ ይበልጥ ይጋለጣል።

መድኃኒቱ ይቅር አልልም፤ ያን ሰው ያተረፈው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ከመጀመሩ በፊት ኩላሊት መመርመሩ፣ ለስንት ቀን እንደሚሰጥ አስቀድሞ መወሰኑ፣ ታካሚውም በየዕለቱ ስለ ሚዛኑና ስለ መስማቱ መጠየቁ ብዙ ሰው ከዕድሜ ልክ ጉዳት ሊያድን ይችላል። ራሱን ወደ ቀኝና ወደ ግራ በፍጥነት እያወዛወዘ በግድግዳ የተለጠፈ ጽሑፍ እንዲያነብ ማድረግ እንኳ አንድ ነርስ በአንድ ደቂቃ የምትሠራው ፍተሻ ነው። ራሱን ሳያንቀሳቅስ ያነበበውን መስመር ሲያወዛውዝ ማንበብ ካቃተው ለሐኪም መነገር አለበት።

ለሰዓታት የሚቆይ ማዞር ከጆሮ ጩኸት፣ ከጆሮ መደፈንና ከፍ ዝቅ ከሚል የመስማት ጉድለት ጋር ሲመጣ የሜኒዬር ሕመም ሊሆን ስለሚችል የመስማት ምርመራ ያስፈልገዋል። በድንገት አንድ ጆሮው መስማት ያቆመ ሰው ግን ቀጠሮ ሊሰጠው አይገባም፤ የስቴሮይድ ሕክምና የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተስፋው እጅግ ይመነምናል።

ሕመሙን ችሎ ስለመኖርም አንድ ነገር ልጨምር። ማዞር ከውጭ አይታይም፤ ቁስል የለው፣ ትኩሳት የለው። በመንገድ ላይ ሲንገዳገድ የታየ ሰው ጠጥቶ ነው ይባላል፤ ከሥራ የቀረው ሰነፍ ይባላል፤ እኔም ከቅርብ ሰዎቼ ሳይቀር «አንቺ ደግሞ አበዛሽው» የሚለውን ቃል ሰምቻለሁ። ከዚህ የተነሣ ሕመምተኛው እንቅስቃሴን መፍራት ይጀምራል፤ አንገቱን አድርቆ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ከቤት ሳይወጣ ይውላል። የሚያስፈልገው ግን ተቃራኒው ነው። በ1940ዎቹ ሐኪሞቹ ኮውቶርንና ኩክሲ ካዘጋጁት ልምምድ ጀምሮ እንደሚታወቀው፣ በተለይ በቫይረስ ምክንያት የአንድ ጆሮው የሚዛን ነርቭ የተጎዳበት ሰው፣ አውራ ጣቱን አተኩሮ እያየ ራሱን በቀስታ ማዞር፣ በጠባብ መስመር መራመድና እየከበደ የሚሄድ ልምምድ በየዕለቱ መሥራት አለበት። ልምምዱ መጀመሪያ ላይ ማዞሩን ይቀሰቅሳል፤ አንጎል የሚማረውም በዚያ ነው። ይህን አስቀድሞ የነገረው ሰው ያላገኘ ሕመምተኛ በሁለተኛው ቀን ፈርቶ ይተወዋል።

ስለዚህ ለነርሶች፣ ለጤና መኮንኖችና ለጠቅላላ ሐኪሞች በሚሰጠው የሥራ ላይ ሥልጠና ውስጥ የማስተኛት ምርመራውና የኤፕሊ ሕክምና፣ ከስትሮክ መለያ ምልክቶች ጋር፣ በተግባር ልምምድ ተደግፈው እንዲካተቱ እጠይቃለሁ። የአንገት ጉዳት ያለበት ሰው በጥንቃቄ መያዝ እንዳለበትም ሥልጠናው ያስተምር። የማዞር ማስታገሻ ያለ አዲስ ምርመራ በየወሩ እንዳይታደስ መመሪያ ይውጣ። ጄንታማይሲን በሚሰጥበት ክፍል ሁሉ የሚዛንና የመስማት መጠይቅ በታካሚው ካርድ ላይ ይኑር። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችም የሚዛን ልምምድን በትምህርታቸው እንዲያገኙት ይደረግ።

ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ከዚህ የሚብሱ በርካታ ሕመሞች ከፊቱ እንዳሉ፣ ለእያንዳንዱም ገንዘብ እንደሚጠየቅ አውቃለሁ። እኔ የምጠይቀው ምርመራ ግን የሚፈልገው አንድ አልጋ፣ ሁለት እጅና የሠለጠነ ዓይን ነው፤ አልጋው ደግሞ በየተቋሙ አለ። ለዚህ ደብዳቤ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሥልጠናው በሚጀመርበት ቀንም፣ የባለሙያዎቹ እጅ እስኪለምድ ድረስ የፈለጉትን ያህል ጊዜ ራሴን ይዘው እንዲያስተኙኝና እንዲያነሡኝ በፈቃዴ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር

ከማዞር ሕመም የዳነች አንዲት መምህርት