ይድረስ ለወዳጄ ለዳዊት

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ በሐዋሳ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ይህን ያህል ዘመን ተጠፋፍተን ዛሬ ብዕር ያነሣሁት፣ ልጅህ ሲሮጥ ባቱን እያመመው ልምምድ እንዳቆመ እኅትህ ስለነገረችኝ ነው።

የወንድሜ ልጅ ዮናስም በሐይቁ ዳር ጥቂት እንደ ሮጠ ባቱ ድንጋይ ይሆንበት፣ የውስጥ እግሩ ይደነዝዝ ነበር፤ ቆም ሲል ይለቀዋል። ወጌሻው «ሥር ዞሮበታል» ብሎ አሸው። ሐኪም ቤትም አልጋ ላይ ጋደም ብሎ እግሩ ባረፈበት ስለ ተመረመረ የእግሩ ትርታ ደህና ነው ተባለ። ለነገሩ ሲጋራ የማያጨስ ወጣት ሯጭ የደም ሥር ሕመም አለበት ብሎ ማን ይጠረጥራል? በኋላ ያየው ሐኪም ግን ጣቱን ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ጀርባ አሳርፎ፣ ልጁ ጉልበቱን ዘርግቶ የእግሩን መርገጫ ወደ ታች በኃይል እንዲገፋ አዘዘው፤ ትርታው ጠፋ፤ እግሩን ሲያላላ ተመለሰ።

በቋንጃ የሚያልፈው ደም ቅዳ በአንዳንድ ሰው ከልደት ጀምሮ ከባት ጡንቻ ጋር ያለው አቀማመጥ ስለሚዛባ፣ ጡንቻው ሲኮማተር ይጨፈልቀዋል፤ አፈጣጠራቸው ደህና ሆኖ ጡንቻቸው በመወፈሩ ብቻ የሚታመሙም አሉ። ይህን የአፈጣጠር መዛባት በ1879 እ.ኤ.አ. በተቆረጠ እግር ላይ አይቶ የጻፈው በኤድንብራ የነበረ የሕክምና ተማሪ ነው። ይሁንና የጤነኛ ሰው ትርታም በዚያ ግፊት ሊጠፋ ስለሚችል በእጅ ዳሰሳ ብቻ አይፈረድም። በቁርጭምጭሚትና በክንድ ያለው የደም ግፊት ከሩጫ በፊትና በኋላ ይነጻጸር፤ የደም ፍሰትን በድምፅ ሞገድ የሚያሳየው የዶፕለር አልትራሳውንዱም ሆነ በማግኔት ምስል የሚያነሣው የኤም አር አይ ምርመራው እግሩ ሲዝናናም ሲገፋም ይነሣ። ሁለቱም እግሮች ይታዩ፤ ሕመሙ ብዙ ጊዜ በአንዱ አይወሰንምና።

ከልደት የመጣውን መድኃኒት አያድነውም። ቀዶ ሐኪሙ የሚጫነውን ጡንቻ ቆርጦ ደም ቅዳውን ነጻ ያወጣዋል፤ ዮናስ በጊዜ ስለ ደረሰ በዚሁ ተገላገለ። ከዘገየ ግን ደም ቅዳው ይጠባል፣ ደም ይረጋበታል፤ ያን ጊዜ ከራሱ እግር በተወሰደ ደም መልስ መተካት ያስፈልጋል። ደም ቅዳውን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ ብቻ እናስገባ የሚል ቢገጥምህ ሌላ ሐኪም አማክር፤ ጡንቻው እዚያው ሆኖ መጨፍለቁን አይተውም።

ስለዚህ ምርመራው ልጁ ሮጦ ሲያበቃ እንዲደረግለት ጠይቅ። እግሩ ባረፈበት ቢቀዘቅዝ ወይም ቢገረጣ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቅ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰደው።

ወዳጅህ ግርማ
ሐዋሳ