ከጅቡቲ እስከ ሐይፋ፦ መርከቧ በስሟ ትጠራ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

የሚያዝያ 27ን የድል በዓል ምክንያት በማድረግ በጋዜጣችሁ የወጣውን የታሪክ ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ስለ ማይጨው ዘመቻና ስለ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ስደት ያቀረቡት ትረካ በብዙ ረገድ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ንጉሠ ነገሥቱ ከጅቡቲ በአንድ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው እንግሊዝ አገር እንደ ገቡ የሚናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ አስገድዶኛል። አባባሉ በየዓመቱ በልዩ ልዩ ጋዜጦችና መጽሔቶች ሲደጋገም ስለ ቆየ፣ ብዙ አንባቢ እንደ እውነት ይዞታል። እውነቱ ግን ጉዞው በሦስት መርከቦች የተፈጸመ መሆኑ ነው፤ የመጀመሪያዋም መርከብ ስም፣ ታሪክና ሥራ ያላት ነበረች። ስሟ ኢንተርፕራይዝ ይባላል።

ነገሩን ከልብ የምከታተለው ያለ ምክንያት አይደለም። ወንድ አያቴ በድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን፣ እቴጌይቱንና መሳፍንቱን የያዘው ባቡር ወደ ጅቡቲ ሲያልፍ በዓይናቸው አይተዋል፤ ስለዚያች ቀን ባወሩን ቁጥር ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። ከጅቡቲ ወዲያስ ጃንሆይ በምን ሄዱ ብዬ ስጠይቃቸው ግን «በእንግሊዝ መርከብ» ከማለት ያለፈ የሚሉት አልነበራቸውም። በልጅነቴ ያልተመለሰልኝን ጥያቄ ካደግሁ በኋላ ለራሴ ለመመለስ ብዙ ዘመን ፈጅቶብኛል፤ ያገኘሁትንም ለአንባቢያን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታይቶኛል። ቀኖቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

ኢንተርፕራይዝ መሠራት የጀመረችው በሰኔ 1910 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ አምስት ወር እንኳ ባልቀረው ጊዜ፣ በስኮትላንድ ክላይድባንክ በነበረው በጆን ብራውን የመርከብ መሥሪያ ነበር። በጊዜው ጀርመን ክሩዘር የሚባሉ እጅግ ፈጣን የጦር መርከቦችን እየሠራች ነው የሚል ወሬ ለንደን ስለ ደረሰ፣ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከፍጥነት በስተቀር ሌላውን ሁሉ በሁለተኛ ደረጃ የሚያይ ንድፍ አወጣ። በዚህ ንድፍ መሠረት ኤመራልድ፣ ኢንተርፕራይዝና ኤፍራጥስ የሚባሉ ሦስት መርከቦች ታዘዙ። ሦስተኛዋ ጦርነቱ ሲያበቃ ተሰረዘች፤ የቀሩት ሁለቱ ግን ጦርነቱ አልፎ፣ ገንዘቡም አጥሮ፣ ሥራቸው እየተጓተተ ቀጠለ። ኢንተርፕራይዝ በታኅሣሥ 1912 ዓ.ም. ውኃ ላይ ከወረደች በኋላ ቀሪው ሥራዋ እንዲጠናቀቅላት በደቡብ እንግሊዝ ወደሚገኘው ዴቨንፖርት የባሕር ኃይል ወደብ ተጎትታ ተወሰደች፤ አገልግሎት የጀመረችውም በመጋቢት 1918 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ነው። ለአስቸኳይ ጦርነት ተብላ የታቀደች መርከብ ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት እስኪቀረው ድረስ ሳትጠናቀቅ መቆየቷ ያንን ዘመን በደንብ ያሳያል።

በተጠናቀቀች ጊዜ 174 ሜትር ያህል ርዝመትና 7,500 ቶን ገደማ ክብደት ነበራት። ተርባይኖቿ 80,000 የፈረስ ጉልበት ስለሚያመነጩ በሰዓት 33 የባሕር ማይል፣ ማለትም 61 ኪሎ ሜትር ያህል፣ መጓዝ ትችል ነበር፤ ይህ በዘመኑ ለአንድ ክሩዘር ትልቅ ፍጥነት ነው። ዋና መሣሪያዋ 152 ሚሊሜትር አፈ ሙዝ ያላቸው ሰባት መድፎች ነበሩ። ከእኅቷ ከኤመራልድ የምትለየው እዚህ ላይ ነው፤ በኤመራልድ ላይ መድፎቹ ሁሉ ለየብቻ የተተከሉ ሲሆን፣ በኢንተርፕራይዝ ግን ከፊት ለፊት ሁለት መድፎች በአንድ ዝግ የብረት ማማ ውስጥ ተጣምረው ለሙከራ ተተክለውባታል። ሙከራው በመሳካቱ ከእርሷ በኋላ የተሠሩት የሊያንደር ክፍል ክሩዘሮች መድፎቻቸውን ጥንድ ጥንድ አድርገው በማማ ውስጥ ይዘዋል። ስለዚህ ዘግይታ ብትወለድም በመርከብ አሠራር ታሪክ የራሷ ቦታ አላት።

ኢንተርፕራይዝ የምትመደብበት ቀላል ክሩዘር የሚለው ስያሜ አንባቢን እንዳያሳስት ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። በሚያዝያ 1922 ዓ.ም. በለንደን በተፈረመው የባሕር ኃይል ስምምነት መሠረት አንድ ክሩዘር ቀላል ወይም ከባድ የሚባለው በመድፉ አፈ ሙዝ ስፋት ነው፤ እስከ 155 ሚሊሜትር ያለው ቀላል፣ ከዚያ በላይ ያለው ከባድ ይባላል። የመርከቡ ክብደት በዚህ አከፋፈል ውስጥ አይገባም። ኢንተርፕራይዝም ከአምስት መቶ በላይ መርከበኞችን ይዛ የምትጓዝ ትልቅ መርከብ ሆና ሳለ ቀላል ተብላ የተመደበችው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። ይህች መርከብ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ጅቡቲ የተገኘችው በአጋጣሚ አልነበረም። አገልግሎት እንደ ጀመረች የተመደበችው በምሥራቅ ሕንድ ቀጠና ለአራተኛው የክሩዘር ክፍለ ጦር ነው። የዚህ ቀጠና የባሕር ኃይል ዋና መቀመጫ በሴሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ የሚገኘው ትሪንኮማሊ ሲሆን፣ የጥበቃ ክልሉ ከሕንድ ውቅያኖስ ተነሥቶ እስከ ፋርስ ባሕረ ሰላጤና እስከ ቀይ ባሕር ይደርስ ነበር። በሁለቱ ጦርነቶች መካከል በነበሩት ዓመታት የእንዲህ ዓይነት መርከብ የዕለት ተዕለት ሥራ ውጊያ አልነበረም። ከወደብ ወደ ወደብ እየዞሩ ሰንደቅ ዓላማ ማሳየት፣ ለገዥዎችና ለሡልጣኖች የክብር መድፍ መተኮስ፣ ሁከት በተነሣበት ቦታ ዜጎችን ማሸሽ፣ ታላላቅ ሰዎችን ማጓጓዝ ነበር። ኤመራልድ በመጋቢት 1919 ዓ.ም. በቻይና ናንጂንግ ከተማ ሁከት በተነሣ ጊዜ የውጭ አገር ዜጎችን ለማስወጣት ከወንዙ ላይ መድፍ ተኩሳለች። የኢንተርፕራይዝ ዕጣ ግን በይበልጥ ሰው ማጓጓዝ ሆነ፤ የመጀመሪያው ትልቅ መንገደኛዋም የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ ነበሩ።

ይህ የሆነው በኅዳር 1921 ዓ.ም. ነው። የዌልስ ልዑል ኤድዋርድ በምሥራቅ አፍሪካ ለአደን በነበሩበት ወቅት አባታቸው ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ በጽኑ ታመው ሕይወታቸው ያሰጋል ተባለ። ኢንተርፕራይዝ ልዑሉን ከዳሬሰላም ተቀብላ በቀይ ባሕርና በስዊዝ ቦይ በኩል እየገሰገሰች በኢጣሊያ ብሪንዲሲ ወደብ አደረሰቻቸው፤ ከዚያም ሙሶሊኒ ባቀረበላቸው ልዩ ባቡር ወደ አገራቸው ጉዟቸውን ቀጠሉ። ለጀርመን ክሩዘሮች ታስቦ የተሠራው ፍጥነት ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ያገለገለው ልጅን ወደ ታመመ አባቱ ለማድረስ ነበር ማለት ይቻላል። በዚያን ጊዜ ተፈሪ መኮንን፣ በኋላ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት፣ በአዲስ አበባ የንጉሥነት ዘውድ ከጫኑ ገና ሁለት ወር አልሞላቸውም። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከሰባት ዓመት በኋላ በዚያችው መርከብ ምክንያት በታሪክ እንደሚገናኙ ማን ሊገምት ይችል ነበር?

ከዚያ በኋላ ስለነበሩት ዓመታት ረጅም ነገር አልጽፍም። መርከቧ በዚያው ቀጠና አገልግላ፣ በ1927 ዓ.ም. ገደማ ትልቅ እድሳት ተደርጎላትና የባሕር አውሮፕላን ማስወንጨፊያ ተተክሎባት፣ ወደ ቀድሞ ቦታዋ ተመልሳለች። ያ ጊዜ የኢጣሊያ የጦር ማጓጓዣ መርከቦች ወታደር፣ መድፍና ጥይት ጭነው፣ የስዊዝን ቦይ ቀረጥ እየከፈሉ ወደ ምጽዋ የሚጎርፉበት ነበር። ቦይዋ አልተዘጋችም፤ የመንግሥታት ማኅበር በጄኔቭ የወሰነው ማዕቀብም ነዳጅን አላካተተም። እኔ የኢንተርፕራይዝን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ልቤን የሚከብደው ይህ ነው። መድፎቿና ፍጥነቷ በዚያው ባሕር ላይ ሳሉ፣ ወራሪውን ለማቆም አንድም ትእዛዝ አልተሰጠም። መርከበኞቹን አልወቅስም፤ ውሳኔው የእነርሱ አልነበረም። መርከቧ ሁሉን ማድረግ የምትችል ሆና ሳለ እንድታደርግ የታዘዘችው ተሸናፊውን ማሻገር ብቻ መሆኑን ግን የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ሊያልፉት አይገባም።

ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው በማግስቱ ጅቡቲ ደረሱ። ጅቡቲ የፈረንሳይ ግዛት ብትሆንም መርከቡ ከእንግሊዝ የተጠየቀበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ መድረሻቸው ኢየሩሳሌም ነበረች፣ ፍልስጥኤም ደግሞ በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር ነበረች። በሚያዝያ 26 ቀን እቴጌ መነን፣ ልጆቻቸው፣ ልዑል ራስ ካሣ፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና ሌሎችም ባሉበት ኢንተርፕራይዝ ከጅቡቲ ተነሣች። በማግስቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን፣ የማርሻል ባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ዛሬ የድል በዓል አድርገን የምናከብረው ቀን በዚያ ዓመት ንጉሠ ነገሥቱን ያገኛቸው በቀይ ባሕር ላይ፣ በዚያች መርከብ ውስጥ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ በዚሁ ቀን አዲስ አበባ መግባታቸውን ሁላችን እናውቃለን፤ ቀኑ መጀመሪያ በማን መርከብ ላይ እንደ ዋለ የሚጽፍልን ግን ጥቂት ነው።

መርከቧ በሚያዝያ 30 ቀን ሐይፋ ደረሰች፤ ንጉሠ ነገሥቱና ተከታዮቻቸውም ከዚያ በባቡር ወደ ኢየሩሳሌም ወጡ። ከዳሬሰላም እስከ ብሪንዲሲ የተደረገውን ግስጋሴና ይህን የአራት ቀን ጉዞ በማነጻጸር መርከቧ ለእኛ ንጉሥ ሆን ብላ አዘገመች የሚል ሰው አጋጥሞኝ ያውቃል። ይህ ትክክል አይመስለኝም። የጦር መርከብ በሙሉ ኃይሉ የሚጓዘው ለከፍተኛ አስቸኳይ ጉዳይ ሲሆን ነው፤ በአዘቦት ጉዞ ነዳጅ በሚቆጥብ ፍጥነት መጓዝ የባሕር ኃይል የተለመደ አሠራር ነው። ክብር ተጓደለ ከተባለ የተጓደለው በኋላ ላይ ነው።

ይህንም የምለው ቀጣዩን ጉዞ አይቼ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በግንቦት 15 ቀን ከሐይፋ የተነሡት ኬፕታውን በምትባል በሌላ የእንግሊዝ ቀላል ክሩዘር ነበር። ይህችም ያደረሰቻቸው እስከ ጅብራልታር ብቻ ነው። ከጅብራልታር ወዲያ ኦርፎርድ በምትባል የመንገደኞች መርከብ ተሳፍረው በግንቦት 26 ቀን ሳውዝሃምፕተን ገቡ። በእንግሊዝ ንጉሥ የጦር መርከብ እንግሊዝ ወደብ ቢደርሱ እንደ አገር መሪ በይፋ መቀበል ግዴታ ስለሚሆን፣ የለንደን መንግሥትም ከሙሶሊኒ ጋር መቃቃር ስላልፈለገ፣ የመርከብ ለውጡ በዚህ ምክንያት ተደረገ። በዚያ ጊዜ በዙፋኑ ላይ የነበሩት ደግሞ ከሰባት ዓመት በፊት በኢንተርፕራይዝ የተጓዙት፣ ኤድዋርድ ስምንተኛ የተባሉት ያው ልዑል ነበሩ። እርሳቸው ንጉሠ ነገሥቱን በቤተ መንግሥታቸው አልተቀበሏቸውም፤ በምትካቸው ሄደው የጎበኟቸው ወንድማቸው የግሎስተሩ መስፍን ናቸው። መስፍኑ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በተደረገው የዘውድ በዓል ላይ አባታቸውን ወክለው አዲስ አበባ ተገኝተው የነበሩ ናቸው።

እንግዲህ «በአንድ የእንግሊዝ መርከብ እንግሊዝ አገር ገቡ» የሚለው አጭር ዓረፍተ ነገር የሚሸፍነው ይህን ሁሉ ነው። ጅብራልታር ላይ የተደረገው የመርከብ ለውጥ ከተዘለለ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ መድረክ ላይ ቆመው ያን ንግግር ሲያደርጉ ከየት ያለ አቀባበል ተነሥተው እንደ ሄዱ አንባቢው ሊረዳ አይችልም። የመርከቧ የቀድሞ ታሪክ ከተዘለለም ጅቡቲ መገኘቷ የአንድ ባለሥልጣን የግል ደግነት ወይም የዕድል ነገር ይመስላል።

ኢንተርፕራይዝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጀርመን መርከቦች ጋር ተዋግታ፣ በኖርማንዲ ማረፊያም ዳርቻውን በመድፍ ደብድባ፣ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ለብረታ ብረት ተሽጣ ተሰባብራለች። ዛሬ ልናያት የምንችለው በፎቶግራፍ ብቻ ነው። ሦስት ጭስ ማውጫዎቿ ተራርቀው የቆሙ፣ ከፊት ለፊት ያ ባለ ጥንድ መድፍ ማማ ያላት በመሆኗ ከሌሎቹ ለመለየት አታስቸግርም። በብዙ ጽሑፎች ላይ የዚህ ጉዞ ሥዕል ተብሎ የማይመለከተው መርከብ ፎቶግራፍ ሲታተም አይቻለሁ፤ በሁለቱ ምልክቶች ማጣራት ቀላል ነው።

ስለዚህ የተከበሩ አዘጋጅ፣ የማቀርበው ልመና ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ባለፈው ጽሑፍ ላይ የወጣው ስሕተት በሚቀጥለው እትም እንዲታረምና የሦስቱ መርከቦች ስም፣ ማለትም ኢንተርፕራይዝ እስከ ሐይፋ፣ ኬፕታውን እስከ ጅብራልታር፣ ኦርፎርድ እስከ ሳውዝሃምፕተን፣ በቅደም ተከተል እንዲጻፍ ነው። ሁለተኛው፣ ለመጪው ሚያዝያ 27 እትም ስለዚያ የአራት ቀን የቀይ ባሕር ጉዞ ራሱን የቻለ ጽሑፍ እንድታዘጋጁ ነው። በድሬዳዋና በጅቡቲ መስመር ያንን ባቡር ያዩ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬም አሉ፤ ከወላጆቻቸው የሰሙትን ቢጠየቁ ለመናገር ፈቃደኞች እንደሚሆኑ አልጠራጠርም። እኔም ከአያቴ የሰማሁትን ሁሉ ጽፌ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ