ለወንድምዓለም፣ ስለዚያ እሾህ ዘር

ወንድምዓለም፣ እንዴት ሰነበትክልኝ? እማዬን ጉልበቷ እንዴት አደረጋት? እኔ ከናፍቆታችሁና ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ። የጮቄ ሥር ልጅ ሆኖ ብርድ ፈራ ብለህ እንደምትስቅ አውቃለሁ። የሚኒሶታን ጥር ሳታይ አትፍረድ።

የላክልኝን ድምፅ ሦስቴ ሰማሁት። «ያን ያልከኝን ቀይ ፍሬ ያለው እሾህ ዘሩን በሰው ላክልኝ፣ በጎቹ አጥሩን እየጣሱ ስንዴዬን ጨረሱት» ብለሃል። አልልክልህም። አትቆጣ፣ ጨርሰህ አንብበው።

ጥፋቱ የኔ ነው፣ አጋንኜ ነበር ያወራሁልህ። ነገሩ የጀመረው ሥራ ቦታ ነው። አንዲት ኢራናዊት ባልደረባ አለችኝ፣ ምሳዋን ሁልጊዜ ሩዝ ላይ ቀይ ቀይ ነገር በትና ነው የምታመጣው። ምንድነው ስላት «ባርቤሪ» አለችኝ። በርበሬ መስሎኝ አንድ ማንኪያ ሙሉ ጎረስኩ። ምኑም አያቃጥልም! እንደ ሎሚ ይኮመጥጣል፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ እሷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። በነሱ ቋንቋ ዘረሽክ ይሉታል። አገሯ ቢርጃንድና ቃየን በሚባሉት ከተሞች አካባቢ ገበሬው በሰፊው ያለማዋል። በመከር ቅርንጫፉን ከነፍሬው ይቆርጡና ጥላ ውስጥ ያደርቁታል፣ ከዚያ እየመቱ ያራግፉታል። እሾሁ ሦስት ሦስት ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ፍሬውን አንድ በአንድ እለቅማለሁ ያለ ሰው እጁ አይተርፍለትም።

ለአጥር ደግሞ እውነትም ይሆናል። አፈሩ መናኛ ነው ብሎ አይመርጥም፣ ድርቅ ይችላል፣ ተቆርጦ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ በግ አይደለም ድመትም አያሾልክ። እዚህ ድረስ ያልኩህ ሁሉ ልክ ነው። ያላወቅሁት ሌላ ነው።

ባለፈው ሰፈራችን ያሉ አንድ ሽማግሌ፣ የገበሬ ልጅ ናቸው፣ ለወንድሜ ልልክለት ነው ብዬ ሳወራቸው ቡናቸውን አስቀመጡና «ወንድምህ ስንዴ ይዘራል?» አሉኝ። ይዘራል አልኩ። «እንግዲያው ተወው» አሉኝ። ለካ ይሄ እሾህ ስንዴ የሚያጠፋው የዋግ በሽታ ቤት ነው።

አገዳው ላይ የሚወጣውን ዋግ ታውቀዋለህ፣ ማሳው መሃል ስትገባ ሱሪህን ዝገት የመሰለ ዱቄት የሚያለብሰውን። ሰብሉ ሲደርስ ያ ዱቄት ይጠቁርና ገለባው ላይ ይቀራል። ጥቁሩ ስንዴን መልሶ አይዝም፣ የሚይዘው ይሄንን እሾህ ነው። ቅጠሉ ላይ ያድርና ከቅጠሉ ጀርባ በኩል ብርቱካንማ ትንንሽ ጽዋ የመሰለ ነገር ያወጣል፣ ከዚያ የሚነሳው ብናኝ በነፋስ ተመልሶ ስንዴው ላይ ይወርዳል። ክፋቱ መመላለሱ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ዋጉ የሚዳቀለውም እዚያው ቅጠል ላይ ነው። ተዳቅሎ አዲስ ዝርያ ይወልዳል፣ ትናንት ዋግ ይችላል የተባለው ስንዴ ዛሬ አይችለውም። በ2006 ዓ.ም. ባሌና አርሲ ላይ ዲጋሉ የሚባለውን ስንዴ እንዴት እንዳነደደው ሰምተሃል። ያኔ ይሄ እሾህ ነው ያመጣው እያልኩህ አይደለም፣ እኛ አገር ዋጉ ያለሱም ከስንዴ ስንዴ እየተሻገረ ዓመቱን ይዘልቃል። ግን በገዛ እጅ ማሳ ዳር ቤት ሠርቶ መስጠት ምን ይባላል?

አሜሪካኖቹማ ተቃጥለውበታል። በ1916 በነሱ አቆጣጠር ዋግ ስንዴያቸውን ጠራርጎ ወሰደው። ከሁለት ዓመት በኋላ በ13 ክፍለ ሀገር ዘመቻ አውጀው ይሄን እሾህ መንቀል ጀመሩ፣ ስልሳ ዓመት ገደማ ፈጀባቸው። የተማሪ ቤት ልጆች ሳይቀሩ ጫካ ለጫካ እየዞሩ ይጠቁሙ ነበር፣ ላገኘ ልጅ ሜዳልያ ይሰጠዋል። መቼም አታምነኝም፣ ሥሩ እንዲደርቅ አንዱ ቁጥቋጦ ላይ አራት ኪሎ ተኩል ያህል ጨው ይደፉበት ነበር። ጨው! አያታችን ይሄን ቢሰሙ መቃብራቸው ውስጥ ይገላበጣሉ።

ደግሞ የሱ ዘመድ እኛም ደጋ አለ። እንጨቱን ስትፍቀው ውስጡ ቢጫ ነው፣ እሾሁም እንደዚሁ ሦስት ሦስት። ማሳህ አጠገብ ካየህ ቅጠሉን ገልብጠህ ጀርባውን ተመልከት። ብርቱካንማ ጽዋው ካለበት ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ አሳየው። ሥሩንም መድኃኒት ነው ብሎ የሚያፈላ ካለ ባለቤትህ እንዳትቀምሰው፣ ለነፍሰ ጡር አይሆንም፣ ለአራስ ሕፃንም እንደዚያው።

ለአጥሩ ቀጋ ምን አለው? እሾህ እንደሆነ እሾህ ነው፣ ፍሬውን ልጆቹ ይለቅሙታል። ቅርንጫፉን በክረምት መግቢያ ቁረጥና ጥቅጥቅ አድርገህ ትከለው። እስኪይዝ ድረስ ክፍተቱን በባሕር ዛፍ አጣና ድፈነው።

ዘሩን ባልልክም የደረቀውን ፍሬ ግማሽ ኪሎ ለፋሲካ በሚመጣ ሰው ልኬልሃለሁ። ብትተክለውም አይበቅልልህም፣ ያ የኢራኖቹ ዓይነት ውስጡ ዘር የለውም፣ የሚያራቡት ከሥሩ በሚወጣው ቡቃያ ነው። አውቄህ ነው ይሄን የምነግርህ። ለእማዬ እንዲህ በልልኝ፦ መጀመሪያ ጠጠር ካለው ትልቀመው፣ አጥባ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጥቂት ታቆየው፣ ከዚያ ቅቤ ላይ በለሰለሰ እሳት ቆንጠር ያለ ስኳር ጨምራ አንዴ ታመስ ታመስ አድርጋ ታውጣው። ከደቂቃ በላይ ከቆየ ያርራል። የኔ የመጀመሪያው ጠቁሮ እንደ ኮሶ መሮኝ ከነድስቱ ነው የደፋሁት። እነሱ ሩዝ ላይ ይበሉታል፣ እኔ ግን ቅንጬ ላይ ነው ያገኘሁት ጣዕሙን። ባልደረባዬ ቀምሳ ዝም አለች፣ በማግስቱ ቅንጬው የት ይሸጣል አለችኝ።

ሰውየው ሲመለስ ባዶ እጁን እንዳይመጣ። የእማዬን በርበሬ ሁለት ኪሎ፣ የሚያቃጥለውን።

ወንድምህ