የሳንታ ሞኒካ ጉዟችን ለምን ገና ሳይነጋ እንደሚጀምር፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

የቅዳሜው የሳንታ ሞኒካ ጉዟችን ከመጪው ወር ጀምሮ ከፌርፋክስ መንገድ የሚነሳው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል መሆኑን ካሳወቅናችሁ ወዲህ ስልካችን ዕረፍት አላገኘም። «እናቴ ከአገር ቤት ከመጣች ገና ሳምንቷ ነው፤ በእንቅልፍ ልቧ የት ልትወስዷት ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ ይህን ደብዳቤ ጻፍንላችሁ።

ፒየሩን፣ ማለትም በምሰሶዎች ላይ ቆሞ ወደ ባሕሩ የተዘረጋውን መድረክ፣ አብዛኞቻችሁ የምታውቁት በግዙፉ ሽክርክሪት ነው። እኛም ለዓመታት እንግዶቻችንን ስንወስድ የኖርነው ከቀትር በኋላ ነበር፤ ፎቶ እንነሳለን፣ አይስክሬም እንበላለን፣ እንመለሳለን። ቦታው ግን ሲሠራ ለመዝናኛ ታስቦ አልነበረም። የተከፈተው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 1909፣ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 4 ቀን 1901፣ መስከረም ሊጠባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ከተማዋ 1,600 ጫማ ያህል ወደ ባሕሩ የዘረጋችው የፍሳሽ ቱቦዋን ከዳርቻው ማዕበል አሳልፋ ለማድረስ ነበር። ሰዉ ግን ቱቦውን ከምንም አልቆጠረውም። እግሩ ሳይርስ ጥልቁ ውኃ ላይ መቆም መቻሉን ሲያይ መንጠቆውን ይዞ መጣ።

የመጀመሪያዎቹ የኮንክሪት ምሰሶዎች ጨዉን አልቻሉትም። አሥር ዓመት ያህል እንደቆዩ በውስጣቸው ያለው ብረት ዝጎ ስለተሰነጣጠቁ በእንጨት ተተኩ። እ.ኤ.አ. በ1916 ደግሞ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) ቻርልስ ሉፍ የተባለ የእንጨት ፈረስ ጠራቢ ከጎኑ የመዝናኛ ፒየር ሠራ፤ የልጆቹ ሽክርክሪት ያለበት ቤት እስከ ዛሬ የቆመው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው።

እኛን ከሁሉ በላይ የሚነካን የ1973 ታሪክ ነው። የከተማው ምክር ቤት ፒየሩ ይፍረስ ብሎ ወሰነ። ነዋሪው ተነሳ፤ ፊርማ አሰባሰበ፣ የምክር ቤቱን ስብሰባ አጨናነቀ፣ ውሳኔውንም አሳጠፈ። በ1975 ደግሞ ፒየሩ ለሁልጊዜ እንዲጠበቅ በድምፁ አጸደቀ። ከዚያ በኋላ ባሕሩ ራሱ መጣ። በጃንዋሪ 1983 ወጀብ የምዕራቡን ጫፍ ቆርጦ ወሰደ። በማርች ሁለተኛው ወጀብ ለጥገና የቆመውን ክሬን ውኃ ውስጥ ጥሎ ከምሰሶዎቹ ጋር አላተመው፤ ከፒየሩ ሲሶ በላይ የሚሆነው ጠፋ። ጫፉ ዳግመኛ ተሠርቶ የተጠናቀቀው በ1990 ነው።

ማለዳ የምንወስዳችሁ እዚያ ጫፍ ላይ ነው። ሽክርክሪቱ ገና አልተነሳም፣ ሱቆቹም ዝግ ናቸው። ዓሣ አጥማጆቹ ግን ባልዲያቸውን ከእግራቸው ሥር አኑረው ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። ፀሐይዋ ከባሕሩ አትወጣም፤ ከጀርባችሁ፣ ከከተማው በኩል ነው የምትመጣው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚበራው ሩቁ ውኃ ነው፤ ብርሃኑ ወደ እናንተ ቀስ እያለ ይቀርባል።

ባለፈው በጋ አንድ ማለዳ ከባሕር ዳር ከተማ የመጡ አንዲት እናት አብረውን ነበሩ። ከአጠገባቸው የሚያጠምዱ አንድ የፊሊፒንስ ሰው አዩአቸው። ቋንቋ አይግባቡም። ሰውየው ምንም ሳይናገሩ ክራቸውን አቀበሏቸው፤ በሌባ ጣታቸው ላይ አሳርፈው ጣቱን ቀና አደረጉላቸው። ክሩ ላይ አምስት ትናንሽ መንጠቆዎች ተንጠልጥለዋል። ጥቂት ቆይቶ እናታችን «ኧረ ይሄ ክር ትር ትር ይላል!» አሉ። ሲስቡት ሁለት ማክሬል፣ ጀርባቸው አረንጓዴ ዥንጉርጉር፣ አብረው ወጡ። ቆሮሶና አምባዛ ሲገዙ የኖሩት እናት ዓሣ በእጃቸው ሲያወጡ የመጀመሪያቸው መሆኑን የነገሩን በመመለሻው መኪና ውስጥ ነው። ጉዞውን ወደ ማለዳ ለማዛወር የወሰንነው በዚያው ሳምንት ነው። በቀትር ግርግር ውስጥ ክሩን የሚያቀብል ሰው አይገኝም።

ለማጥመድ ለምትፈልጉ፦ በካሊፎርኒያ ከሕዝብ ፒየር ላይ ወደ ባሕር ለሚያጠምድ ሰው የፈቃድ ወረቀት አያስፈልገውም። ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ከሁለት ዘንግ አይበልጥም፤ የዓሣው መጠንና ቁጥር ገደብም እንደተጠበቀ ነው። ስለ መብላት ግን አጥብቀን እናሳስባችኋለን። ቀደም ባሉት ዓመታት ወደ ባሕሩ የተለቀቀው ዲዲቲ የተባለ የተባይ ማጥፊያ መርዝ ከባሕሩ ወለል አልጠፋም፤ ስለዚህ ከዚህ ፒየር እስከ ሲል ቢች ከተማ ድረስ ዋይት ክሮከር የተባለውን ዓሣ ጨርሶ እንዳንበላ የግዛቱ የጤና ባለሥልጣናት ያስጠነቅቃሉ። ጣቱን ወደ ዓሣው የሚቀስር አጥማጅ ካያችሁ «ይሄን መልሱት» ማለቱ ሊሆን ስለሚችል ሾፌራችንን ጠይቁ።

ዋጋው አልተለወጠም፤ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ፌርፋክስ እናደርሳችኋለን። ክርና ባልዲ ከእኛ ነው። ጫፉ ላይ ነፋሱ ብርቱ ስለሆነ ለወላጆቻችሁ ጋቢ ወይም ጃኬት ያዙላቸው፤ ቡናውን በፔርሙዝ እኛ እናመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉዞ አገልግሎታችሁ ባለቤቶችና ሾፌሮች
ሎስ አንጀለስ