ግልጽ ደብዳቤ፦ «ማታ ማታ 1» እስከ መቼ?

ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

እናቴ ግፊት አለባት። ጠዋት የግፊት መድኃኒቷን አምሎዲፒን፣ ማታ ደግሞ የእንቅልፍ ኪኒን የሆነላትን ዳያዜፓም ትውጣለች። ዳያዜፓሙ የታዘዘላት ሐዘን ላይ ሆና እንቅልፍ ባጣችበት ሰሞን ነው። ሐዘኑ አለፈ፣ ኪኒኑ ቀረ። የሚሰጣት ትንሽ ፖስታ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው «ማታ ማታ 1» ብቻ ነው። እስከ መቼ? አይልም። ከግፊት መድኃኒት ጋር ምን ያደርጋል? አይልም።

መድኃኒቱ ክፉ ነው አልወጣኝም። ሐኪም እያየው ለአጭር ጊዜ ቢወሰድ ያሳርፋል። ጉዱ ሲከርም ነው። ሰውነት ይለምደዋል፤ እንደ ድሮው አያስተኛም፣ ያለሱም እንቅልፍ እምቢ ይላል። ዕድሜው ከገፋ ሰው ሰውነት ደግሞ ቶሎ አይወጣም። ግፊት ከሚያወርድ መድኃኒት ጋር ሲደራረብ፣ ሌሊት ለሽንት ብድግ ያለ ሰው ዓይኑ ይጨልምበትና ይወድቃል። በዚያ ዕድሜ የዳሌ ስብራት ቀልድ አይደለም።

ደግሞስ እንቅልፉን የነሳው ምን እንደሆነ ማን ጠየቀ? አንዳንዱ የሚያሸናውን የግፊት ኪኒን ማታ ውጦ ሽንት ቤት ሲመላለስ ያድራል። ሐኪሙ ሰዓቱን ወደ ጠዋት ቢያዛውርለት ይገላገል ይሆናል። ሌላው እያንኮራፋ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ይህ ራሱ ግፊት ያስነሳል፤ የእንቅልፍ ኪኒን ሲጨመርበት ይብሳል።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የቁጥጥሩን ሥልጣን ለእናንተ ሰጥቷል። በተግባር ግን እናቴ የምትገዛበት መድኃኒት ቤት «እማማ፣ እንደ ድሮው ነው?» ብሎ ይሰጣታል። ማዘዣ የጠየቃት የለም።

የምለምነው ብዙ አይደለም። ፖስታው ላይ የሚቆምበት ቀንና ማስጠንቀቂያው ሕመምተኛው በሚያነበው ቋንቋ ይታተም። ያለ አዲስ ምርመራም አይደገም።

አደራ ግን፣ ቁጥጥሩን ባንዴ አታጥብቁት። ይህን መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ሲያቆም እንቅልፉ ጨርሶ ሊጠፋ፣ ግፊቱ ሊያሻቅብ፣ አልፎም ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥና ራሱን ሊስት ይችላል። መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሰ የሚያስቆም ባለሙያ በየጤና ጣቢያው እንዲኖር አስቀድማችሁ ከጤና ሚኒስቴር ጋር ተነጋገሩ። መድኃኒት ቤቶቹን ከዚያ በኋላ ተቆጣጠሩ።

ከአክብሮት ጋር
ግፊት ያለባት እናት ልጅ