ቦኖቦስ ለምን ተረሳ?

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ባለፈው እትማችሁ የወጣው ጽሑፍ፣ የቅርብ ዘመዳችንን ቺምፓንዚን ዋቢ አድርጎ የወንድ የበላይነት ተፈጥሯዊ ነው ማለቱ አሳስቦኛል። ሐዋሳ ውስጥ ሥነ ሕይወት አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ ጽሑፉን ክፍል ድረስ ይዘውት መጡ።

ቺምፓንዚን የሚመስለው እንስሳ ቦኖቦም የዚያኑ ያህል ዘመዳችን ነው፤ ከሁለቱም ጋር 99 በመቶ የሚጠጋ ዲኤንኤ እንጋራለን። ቦኖቦ የሚኖረው ከኮንጎ ወንዝ በስተደቡብ ብቻ ነው። ቺምፓንዚዎች ዘንድ ወንዶች የበላይ ናቸው፤ የጎረቤት መንጋ አባላትን፣ አንዳንዴም ግልገሎችን ይገድላሉ። የቦኖቦ መንጋዎች ግን ሲገናኙ ብዙ ጊዜ አብረው ይመገባሉ። ሴቶቹ የሥጋ ዝምድና ሳይኖራቸው እንኳ ተባብረው አስቸጋሪውን ወንድ ያባርራሉ። ወሲብም ለመራባት ብቻ አይደለም፤ ምግብ ሲገኝ ወይም ጠብ ሲነሳ፣ በሴቶች መካከል ጭምር፣ ውጥረት ያበርዳል። ሴቷ ለመፀነስ መድረሷን የሚጠቁመው የመራቢያ አካሏ እብጠት እንቁላል ከምታወጣባቸው ቀናት ውጭም ስለሚቆይ፣ ወንዱ ትክክለኛውን ጊዜ ለይቶ ማወቅ ይቸግረዋል፤ ጉልበተኛው ሌሎቹን ከልክሎ ብቻውን መራባት ይከብደዋል። የወንዱ ደረጃ ደግሞ ብዙ ጊዜ በእናቱ ድጋፍ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ይህ ለእኔ ከሁሉም በላይ አስደናቂው ነገር ነው።

ቦኖቦን መልአክ ማድረግም ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት ወንዶቹ እርስ በርስ ከቺምፓንዚ ወንዶች ይበልጥ እንደሚጋጩ አሳይቷል።

እባካችሁ በሚቀጥለው እትም ስለ ቦኖቦም አስነብቡን። ወንዶች ተማሪዎቼ ጉልበት የተፈጥሮ ሕግ ነው ብለው እንዲያድጉ አልፈልግም።

የሥነ ሕይወት መምህር፣ ከሐዋሳ