ሰንጠረዡን ከመሙላታችሁ በፊት

ውድ አባላት፣

የአሜሪካ ኮሌጆች የወንዶች ቅርጫት ኳስ ጥሎ ማለፍ ደርሷል። አምና የአሸናፊዎች መገመቻ ሰንጠረዡን በማልያ ቀለም እየመረጣችሁ የሞላችሁ (እኔም አለሁበት) እስኪ ዘንድሮ አኃዞቹን እንይ።

ቡድኖቹ በአራት ምድብ ተከፍለው በየምድቡ ከ1ኛ እስከ 16ኛ ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ በመጀመሪያው ዙር 1ኛው 16ኛውን፣ 5ኛው 12ኛውን ይገጥማል። ተወዳዳሪዎቹ 64 ከሆኑበት እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 2025 ድረስ፣ 1ኛ ደረጃ የተሰጣቸው ቡድኖች 16ኛዎቹን 160 ጊዜ ገጥመው የተረቱት ሁለቴ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ጉድ በ2018 የሠራው እዚሁ ሜሪላንድ፣ ባልቲሞር አጠገብ ያለው ዩኒቨርሲቲ (UMBC) ነው። ከቨርጂኒያ ጋር 21 ለ 21 ሆነው ዕረፍት ወጡ፤ ሲመለሱ 74 ለ 54 አሸነፉ። ያው የተዋረደው ቨርጂኒያ በዓመቱ ዋንጫውን አነሣ! ሁለተኛው በ2023 ፌርሊ ዲከንሰን ፐርዱን 63 ለ 58 ሲጥል ነው። ስለዚህ 16ኛን መምረጥ ገንዘብ መጣል ነው።

ድፍረታችሁን ለ12ኛዎቹ አቆዩት። 5ኛዎቹን ከሦስት ጨዋታ በአንዱ ገደማ ይረታሉ። የሚገርመው ግን በ2018 እና በ2023፣ 16ኛዎቹ ተአምር በሠሩባቸው በእነዚያው ዓመታት፣ አንድም 12ኛ አላለፈም።

ለዋንጫ ከ8ኛ በታች አትውረዱ፤ ዝቅተኛው ባለ ድል የ1985ቱ ቪላኖቫ ነው። አራቱንም 1ኛዎች ለግማሽ ፍጻሜ የምታሳልፉም አስቡበት፤ ይህ የሆነው በ2008 እና በ2025 ብቻ ነው።

ሰንጠረዡ ከሐሙስ ጠዋት በፊት ይድረሰኝ። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ የሚመጣ አይቆጠርም፤ አምና ማን እንደለመነኝ ራሱ ያውቃል።